የወርቅ ቤቱ ደረጃ መደገፊያ እንዴት እንደተወሰነና እንዴት እንደተሻረ

ቀን፦ የልጄ መርዶ የደረሰኝ ማክሰኞ ነበር። አዳራሹን ወልውዬ ቤቴ ገብቻለሁ። የወርክሾፑ አለቃ በሩን አንኳኩ፤ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ኮፍያውን ሳይ ገባኝ። ይህ ስብሰባ የተደረገው ከዚያ በኋላ በመጣው ሁለተኛ ሐሙስ ነው።

ቦታ፦ የወርቅ ቤቱ የታችኛው አዳራሽ፣ በትልቁ መብራት ሥር። ስብሰባው እንደ ወትሮው ላይ፣ ከወርክሾፑ አጠገብ ሊደረግ ነበር። ሰብሳቢው ግን "በዚያ ደረጃ ማን ይወጣል? ጉልበቴን አላምነውም" ስላሉ ታች ሆነ።

የተገኙ፦ የቤቱ ባለቤት (ሰብሳቢ)፣ አርክቴክቱ፣ የቅርስ ባለሙያዋና የወርክሾፑ አለቃ።

ጸሐፊ፦ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ፣ እኔ። ሰብሳቢው "ሥራ ሐዘን ያስረሳል፣ ጽሕፈቷም ይነበባል" ብለው ሾመውኛል።

ያልተገኘ፦ የሠራተኞች ተወካይ፣ በወርቅ ላይ የከበረ ድንጋይ የሚሰካ ፈርጥ አስቀማጭ፣ ባልደረቦቹ "ፈርጤ" የሚሉት። ልጄ ነው።

ከአምስቱ አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ተባለ።

አጀንዳ አንድ፦ ያልተገኘው አባል እንዴት ይመዝገብ?

ሰብሳቢው፣ ቀሪ አባል ወይ "በፈቃድ" ወይ "ያለ ፈቃድ" ተብሎ እንደሚጻፍ አስታወሱ። የቅርስ ባለሙያዋ በፈቃድ ይባልለት አሉ። ሰብሳቢው ፈቃድ ስለመጠየቁ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ጠየቁ። አለቃው "ጌታዬ፣ ልጁ ሞቷል እኮ!" አሉ። ሰብሳቢው ከልብ ማዘናቸውን ገልጸው፣ ሐዘን ሌላ አሠራር ሌላ መሆኑን አስገነዘቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ "ያለ ፈቃድ ቀሪ" እንዲባል ተወሰነ። ጸሐፊዋ ለመጻፍ ስለዘገየች ውሳኔው በድጋሚ ተነበበላት።

አጀንዳ ሁለት፦ የደረጃው መደገፊያ

ለማያውቅ ሰው፦ ፈርጥ የሚያስቀምጥ ሰው የቀን ብርሃን ስለሚፈልግ፣ ወርክሾፑ የተሠራው ከላይ፣ ከመስታወት ጣሪያ ሥር ነው። ከአዳራሹ ወደዚያ የሚያወጣው ግድግዳውን ተጠግቶ የሚጠማዘዝ የእብነ በረድ ደረጃ ነው። የወርቅ ብናኝ በሶል እንዳይወጣ፣ ሠራተኛ ሁሉ የሥራ ጫማውን ላይ ትቶ በለስላሳ የጨርቅ ጫማ ይወርዳል። ደረጃው የእንጨት መደገፊያ ነበረው። ሰብሳቢው "የሠራተኛ እጅ ወርቄን እዚያ ላይ እያራገፈው ነው" ብለው አስነቀሉት። እንጨቱ ተቃጥሎ፣ አመዱ ታጥቦ፣ ወርቁ ወጣ። ምን ያህል እንደወጣ ሲጠየቅ፣ አለቃው "ለትንኝ ጉትቻ ይበቃ ነበር፤ ለሁለቱ ጆሮዋ ግን አይበቃም" ሲሉ መለሱ።

ልጄ የወደቀው በዚህ ደረጃ ነው፤ የጨርቅ ጫማውን እንዳደረገ፣ የሚይዘው አጥቶ።

አለቃው መደገፊያው ይመለስ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። አርክቴክቱ፣ ደረጃው ከጣሪያ እንደ ሀብል የተንጠለጠለ ውበት ስለሆነ፣ እሱን በእንጨት ማጠር ሀብል ላይ የጭነት ገመድ እንደ ማሰር ነው አሉ። አለቃው "ሀብል አንገት ያስጌጣል እንጂ አንገት አይሰብርም" ብለው ጸሐፊዋን ሲያዩ ይቅርታ ጠየቋት።

ሰብሳቢው አያታቸው ዕድሜ ልካቸውን ያለ መደገፊያ እንደወጡ ገለጹ። አለቃው "አያትዎን እኮ በወንበር ተሸክመው ነበር የሚያወጧቸው!" አሉ። ንግግሩ ሥነ ሥርዓት የጎደለው ነው ተብሎ እንዳይጻፍ ታዘዘ። ጸሐፊዋ ትእዛዙ ሲመጣ ጽፋ ጨርሳ ነበር።

የቅርስ ባለሙያዋ ሁሉንም የሚያስታርቅ ሐሳብ አመጡ፤ መደገፊያው በቀለም ግድግዳው ላይ ይሳል። ከሩቅ ለሚያይ እንደማይለይም አስረዱ። አለቃው "ለሚወድቀው ግን ይለያል፣ እመቤቴ" አሉ። ሐሳቡ ለጥቂት ወደቀ። አርክቴክቱ የቀለሙን ዓይነት መምረጥ ጀምረው ስለነበር ቅር መሰኘታቸው እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ፤ ተመዝግቧል።

ሰብሳቢው ጸሐፊዋ የምትለው ካለ ጠየቁ። ጸሐፊዋ "የሌላ ሰው ልጅ እንዳይወድቅ ነው እንጂ፣ የእኔስ ወድቋል" አለች። ሰብሳቢው አስተያየቱ ጠቃሚ መሆኑን ገልጸው፣ ጸሐፊ ድምፅ እንደሌላት አስታወሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ መደገፊያው እንዲተከል፣ ነገር ግን ወርቅ እንዳይነካው ማንም ሠራተኛ እንዳይይዘው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አለቃውም እጃቸውን አወጡ። በኋላ ጠጋ ብለው "ይተከል ብቻ፣ እናቴ፤ የሚወድቅ ሰው ደንብ አያነብም" አሉኝ።

አጀንዳ ሦስት፦ ፊርማ

ሊፈረም ሲል የቅርስ ባለሙያዋ ደንቡን ገልጠው፣ ሠራተኛን የሚመለከት ስብሰባ ውሳኔ የሚጸናው የሠራተኞች ተወካይ ሲፈርም ብቻ መሆኑን አነበቡ። አለቃው ሌላ ተወካይ ይመረጥ አሉ። ሰብሳቢው፣ አዲስ የሚመረጠው የቀድሞው መልቀቁን ራሱ ሲያሳውቅ ነው፤ እስካሁን ግን አላሳወቀም አሉ። አለቃው ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። መውጣታቸው በፈቃድ ይሁን ያለ ፈቃድ አልተወሰነም።

ስለዚህ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እንዲሻር ተወሰነ። የሠራተኞች ተወካይ በሚቀጥለው ስብሰባ ሲገኝ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። ደንበኞች በር ላይ ስለቆሙ ስብሰባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተዘጋ።

የጸሐፊ ማስታወሻ፦ ሁሉም ሲሻር የመጀመሪያውም ተሽሯል። እንግዲህ ልጄ ያለ ፈቃድ ቀሪ አይደለም። ከዚህ ስብሰባ ይዤ የወጣሁት ይህን ብቻ ነውና ማንም እንዳይነካብኝ።

ላይ ያላችሁ የልጄ ባልደረቦች፣ ስትወርዱ ግድግዳውን ተደገፉ፤ ብናኙን እኔ እጠርገዋለሁ። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ደግሞ፣ ጸሎት የምታውቁ በጸሎታችሁ፣ የማታውቁም በገዛ ቃላችሁ፣ ለልጄ ነፍስ ዕረፍት ለምኑለት። ለዚህ ምልዓተ ጉባኤ አያስፈልግም፤ አንድ ሰው ይበቃል።