«ምንም አይጠፋም» ባዮች

እንደ ንስሐ አባት ረጋ ብለን «ምንም አይጠፋም» የምንል የኮምፒውተር ጠጋኞችን ታውቁን የለም? ጡረተኛው መምህር አያ ደምሴ ከኮሶዬ ኮምፒውተራቸውን ይዘው ፒያሳ ያለችው ሱቄ መጡ። አዲሱን ሲስተም ለመጫን ዲስኩ የተከፋፈለበት ስልት ከአሮጌው ወደ አዲሱ መቀየር ነበረበት፤ ይህ ደግሞ ውስጡ ያለውን ፋይል ሊያጠፋ ይችላል።

«የሟች ባለቤቴ ድምፅ ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው» አሉኝ።

«ምንም አይጠፋም፣ አያ።»

«ለመጣው ሁሉ እንዲህ ነው የምትለው?»

አፈርሁ። መጀመሪያ ፋይሉን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ኮፒ አደረግሁ፤ ከዚያ አከፋፈሉን ቀየርሁት። ኮምፒውተሩ በደህና ሲነሣ አያ ደምሴ የተቀዳውን ድምፅ ከፈቱት።

«ምነው ደምሴ፣ በሩን አትዘጋውም? ብርድ ገባ እኮ» አለ የባለቤታቸው ድምፅ።

አያ ደምሴ ቀስ ብለው ተነሡና የሱቄን በር ዘጉ።