ሳሙናው የት ይረፍ

ሰዎቹ፦

እታለም፦ የቤቱ አባወራ ታላቅ እህት። ዕድሜዋን ሙሉ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጣ ለተሰለፈ ሰው ስትመልስ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። የምትኖረው ወንድሟ ቤት ነው። የማታውቀው ነገር የለም፤ ካለም ገና አልተጠየቀችም።

ሙሽሪት፦ የወንድሟ ሚስት። ልጆቿ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላም ሙሽሪት መባሏ አልቀረም። ነገር ቶሎ አይገባትም ይባላል።

[በጓሮ በኩል ያለችው ትንሽ ክፍል። አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። ጠረጴዛው ላይ የዘይት ጀሪካን፣ የወጥ ቤት ሚዛን፣ የፕላስቲክ ባልዲ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ የታጠቡ የወተት ካርቶኖች፣ በድርብ ፌስታል የታሰረ ነጭ ነገር። ሁለቱ ሴቶች አንድ ድስት በግራና በቀኝ ጆሮው ይዘው ይጓተታሉ።]

እታለም፦ መልሺው አልኩሽ። ይሄ ድስት አይሆንም።

ሙሽሪት፦ ድስት አምጪ አላሉኝም እንዴ?

እታለም፦ ብያለሁ። አሉሚኒየም ድስት አምጪ ግን አላልኩም። የሳሙናው ሶዳ ይበላዋል።

ሙሽሪት፦ ሶዳው ይበላል?

እታለም፦ ይበላል።

ሙሽሪት፦ [ፌስታሉን እያየች] እኔ ደግሞ መርዝ መስሎኝ ከልጆቹ ስደብቀው ሰነበትኩ።

እታለም፦ መርዝማ ነው።

ሙሽሪት፦ ይበላል አሉኝ እኮ።

እታለም፦ እሱ ይበላል እንጂ እሱ አይበላም። [ቆም ብላ] ማለቴ፣ በላተኛው እሱ ነው።

ሙሽሪት፦ ድስቱ ተበዪ ነው።

እታለም፦ ድስቱ ተበዪ ነው። እጅሽም ተበዪ ነው። ዓይንሽም።

ሙሽሪት፦ ገባኝ። ድስቱን እመልሰዋለሁ። እጄን ግን የት ላስቀምጠው?

እታለም፦ ጓንት ውስጥ። ለዚህ አይደል ጓንት ግዢ ብዬ የላክሁሽ።

ሙሽሪት፦ ገዝቻለሁ። [ከሽርጧ ኪስ አበባ የተጠለፈበት የሱፍ ጓንት ታወጣለች።]

እታለም፦ ይሄ የብርድ ጓንት ነው።

ሙሽሪት፦ ባለሱቁን የእጅ መከላከያ አልኩት። ከምን ብሎ አልጠየቀኝም።

እታለም፦ ቴርሞሜትሩስ?

ሙሽሪት፦ ይኸውልዎ። ከመድኃኒት ቤት ነው። በብብት የሚያዝ።

እታለም፦ የትኩሳት መለኪያ ገዝተሽ መጣሽ?

ሙሽሪት፦ ሙቀቱን እንለካለን ብለውኝ ነበር።

እታለም፦ የዘይቱን ሙቀት ነዋ።

ሙሽሪት፦ ዘይት ብብት እንደሌለው እኔም አስቤው ነበር። እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ተውኩት።

እታለም፦ [ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች] ቅርጽ ማውጫ ሳጥን ለአናጢው እዘዢ ብዬሽ፣ እሱንም ሳታዢ ቀረሽ። እኔ ነኝ የወተት ካርቶን ስለቅም የሰነበትኩት።

ሙሽሪት፦ ሄጄ ነበር እኮ። ማረፊያ ሳጥን ሥራልኝ ብለው፣ ቆቡን አወለቀና ነፍስ ይማር አለኝ። ቀጥሎ ቁመቱን ጠየቀኝ። እኔም የጣት ያህል ነው ስለው አለቀሰ። እንዲያ ሲያለቅስ ሳሙና ነው ማለት ከበደኝ።

እታለም፦ የኔን ብትሰሚ ምን ልትዪ ነው። ለዚች ለሶዳዋ ያልረገጥኩት ደጃፍ የለም። መድኃኒት ቤት ሄድኩ፤ ሽቶ መደብር ይሞክሩ አሉኝ። ሽቶ መደብር ሄድኩ፤ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ይሂዱ አሉኝ። እዚያ ደግሞ ገና ኮስቲክ ሶዳ ከማለቴ ሰውዬው ጮክ ብሎ፣ «የተደፈነብዎት መታጠቢያው ነው ወይስ ሽንት ቤቱ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሙሽሪት፦ ምን አሉት?

እታለም፦ ኮራ ብዬ፣ ለገላዬ ነው አልኩት።

ሙሽሪት፦ እሱስ?

እታለም፦ ወንበር ሰጠኝ። ውሃ አስመጣልኝ። ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ፣ «ማዘር፣ ቤት ውስጥ የሚያናግሩት ሰው አለ?» አለኝ።

ሙሽሪት፦ ደግ ሰው ነው።

እታለም፦ የልብስ ሳሙና ነው ብዬ ምዬ ነው የሸጠልኝ።

ሙሽሪት፦ [ጀሪካኑን እያሸተተች] ይሄ ዘይት ግን ዓሣ ዓሣ ይላል።

እታለም፦ ዓሣ ጠባሹ ሊደፋው ሲል ነው የደረስኩበት። አጣርቼዋለሁ።

ሙሽሪት፦ በምን አጣሩት?

እታለም፦ በንጹሕ ጨርቅ። በወንድሜ ካናቴራ።

ሙሽሪት፦ ለካ ለዚህ ነው ትናንት ድመት እስከ መሥሪያ ቤቱ በር ሸኘችኝ ብሎ ሲገረም ያመሸው።

እታለም፦ ሽቶ ስንጨምርበት ሽታው ይሸፈናል።

ሙሽሪት፦ የትኛው የትኛውን ነው የሚሸፍነው?

እታለም፦ ዝም ብለሽ ስሚኝ። መጀመሪያ ውሃው ይመዘናል። በኩባያ አይደለም፣ በሚዛን ነው። ከዚያ ሶዳው ቀስ እየተባለ ውሃው ውስጥ ይጨመራል። ውሃ ሶዳው ላይ አይፈስም። ከፈሰሰ ተፈናጥሮ ፊትሽን ያቃጥልሻል።

ሙሽሪት፦ የሚገናኙት አንድ ዕቃ ውስጥ ነው አይደል?

እታለም፦ አዎ።

ሙሽሪት፦ ታዲያ ማን ወደ ማን እንደ መጣ በምን ያውቃሉ?

እታለም፦ ያውቃሉ። አንቺ እዚህ ቤት ስትገቢ ማን ወደ ማን እንደ መጣ አላወቅሽም?

ሙሽሪት፦ አውቄያለሁ። ለዚህ ነው ቀስ ብዬ የገባሁት።

እታለም፦ እንደዚያው ነው። እንግዲህ ሶዳው ሲገባ ውሃው ይሞቃል፣ ይጨሳል። ጭሱ ጉሮሮ ያንቃል። ክፈቺው መስኮቱን።

[ሙሽሪት መስኮቱን ትገፋለች። አይነቃነቅም። በትከሻዋ ትገፋለች።]

ሙሽሪት፦ ከቀለሙ ጋር ተጣብቋል። ቀለም ቀቢውን፣ ነፋስ እያስገባ ነው ድፈነው ያሉት ጊዜ።

እታለም፦ ነፋስ ያስገባ ነበራ።

ሙሽሪት፦ አሁን አያስገባም።

እታለም፦ እንግዲያው ሶዳውን ግቢ ውስጥ እንበጠብጠዋለን። ባልዲውንም ሶዳውንም ወደ ውጭ አውጪው፤ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው፣ ልጆች እንዳይደርሱበት።

[ሙሽሪት ይዛ ትወጣለች፤ ባዶ እጇን ትመለሳለች።]

ሙሽሪት፦ ዘይቱስ የት ነው የሚሞቀው?

እታለም፦ ምድጃ ላይ ነዋ።

ሙሽሪት፦ ምድጃውን ላምጣው?

እታለም፦ ምድጃ ይመጣል? ዘይቱ ነው ወደ ምድጃው የሚሄደው።

ሙሽሪት፦ ማን ወደ ማን እንደሚሄድ ገና እየለመድኩ ነው። [ጀሪካኑን፣ ሚዛኑን፣ ማንኪያውንና የሚመለሰውን ድስት ይዛ ትወጣለች። መጥረጊያ ይዛ ትመለሳለች።]

እታለም፦ መጥረጊያው ደግሞ ምንድነው?

ሙሽሪት፦ ጀሪካኑ የነበረበት ቦታ አቧራ አለው። [እየጠረገች] እታለም፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ታዲያ ምንድነው የሚሠራው?

እታለም፦ ዋናው ሥራ። ማረፍ። ሳሙና በጠበጡት ተብሎ ሳሙና አይሆንም። ከቅርጹ ወጥቶ፣ ተቆርጦ፣ ወር ያህል ማረፍ አለበት። ያኔ ይጠነክራል፣ ጠባዩም ይለዝባል። ክፍሉን የወሰድኩት ለዚህ ነው። እናትሽ እዚህ መጥታ እንዳትኖር ብዬ አይደለም።

ሙሽሪት፦ እኔ እናቴን አላነሳሁም።

እታለም፦ በዓይንሽ አንስተሻታል።

ሙሽሪት፦ [ወደ ጥግ ዞራ ትጠርጋለች] አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። ዳቦ ልትገዛ ስትወርድ በርጩማ ይዛ ነው፣ በየፎቁ ልታርፍበት። ባለፈው እግሯ ከዳትና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ጎረቤት ሲያልፍ ምን ሆነሽ ቢላት፣ አፍራ፣ ፀሐይ እየሞቅሁ ነው አለችው። ደረጃው መስኮት እንኳ የለውም።

እታለም፦ [ጉሮሮዋን ትጠርጋለች] እኔም እምቢ ያልኩት ለእሷው ብዬ ነው። ይሄ ግድግዳ ያልበዋል። ክፍሉ እርጥብ ነው፣ ለአጥንት አይሆንም አልኩ። ብያለሁ ወይስ አላልኩም?

ሙሽሪት፦ ብለዋል። ወንድምዎም ታላቅ እህቴ ካለች ብሎ ዝም አለ።

እታለም፦ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ሙሽሪት፦ ሳሙና እርጥብ ቦታ ይወዳል?

እታለም፦ የለም፣ የለም። ሳሙና የሚፈልገው ደረቅ ቦታ ነው። እርጥበት ካገኘው ያልበዋል፣ ይላቁጣል፣ እጅ ላይ ይቀራል።

[ሁለቱም ቀስ ብለው ግድግዳውን ያያሉ።]

እታለም፦ ይሄ ክፍል ለሳሙና ደረቅ ነው።

ሙሽሪት፦ ለሰው ግን እርጥብ ነው።

እታለም፦ ለሰው እርጥብ ነው።

ሙሽሪት፦ ገባኝ። [ሁለቴ ጠርጋ ታቆማለች] ወንድምዎ ቢጠይቀኝ እንዳልሳሳት ብቻ፣ አንዱን ይንገሩኝ። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አልችልም። ደረቅ ነው ልበለው እርጥብ?

እታለም፦ [አሰብ አድርጋ] እርጥብ ነው በይው። ያልኩት ያልኩት ነው።

ሙሽሪት፦ እሺ። ሳሙናው ይላቁጥ እንግዲህ።

እታለም፦ ለምን ይላቁጣል?

ሙሽሪት፦ እርጥብ ነው ብለውኝ። የሰፈሩ ሴቶች ሲደርስ መጥተን እናያለን ብለዋል፤ የላቆጠውን እናሳያቸዋለን። እኔ ነኝ ያበላሸሁት እላለሁ። ያምኑኛል።

እታለም፦ ቢያምኑሽም የሚስቁት በእኔ ነው። [ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች] አንቺ ይሄ አይገባሽም። እኔ መስኮት ላይ ስቀመጥ ሰልፉ እስከ በር ነበር። ይሄ ጥቅል መቼ ይደርሳል፣ ይሄ ቴምብር ይበቃዋል ወይ፣ ሁሉም እኔን ነው የሚጠይቀው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድም ሰው ምንም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም።

ሙሽሪት፦ እኔ እጠይቅዎት የለም ወይ?

እታለም፦ አንቺማ ትጠይቂያለሽ። መልሱ አይገባሽም እንጂ።

ሙሽሪት፦ እሱስ እውነት ነው። [ሌላኛውን ወንበር ስባ አጠገቧ ትቀመጣለች] እስቲ አሁንም ልጠይቅዎት። ሳሙና የሚያርፍበት ደህና ክፍል ምን ዓይነት ነው?

እታለም፦ [ቀና ብላ፣ በድሮው የመስኮት ድምፅ] አየር የሚያዘዋውር። ፊት ለፊት ሁለት መስኮት ቢኖረው ይመረጣል። ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ልጅ የማይገባበት፣ ቁልፍ ያለው።

ሙሽሪት፦ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ክፍል የለም።

እታለም፦ እንዴት የለም? የኔ መኝታ ቤት ምን ሆኖ ነው?

ሙሽሪት፦ የእርስዎማ ጠባብ ነው።

እታለም፦ ጠባብ? ከዚህ ቤት ሰፊው እሱ አይደለም እንዴ? መስኮቱ ሁለት፣ በሩ የሚቆለፍ፣ ፀሐዩ ከመጋረጃው የማያልፍ። ግድግዳውን በእጅሽ ብትነኪው ልክ እንደ ብስኩት ነው።

ሙሽሪት፦ ይቅርብዎ እታለም። ሰው ከሳሙና ጋር እንዴት ያድራል? ደግሞ ዓሣው ...

እታለም፦ አየር ይዘዋወራል አልኩሽ እኮ።

ሙሽሪት፦ አይሆንም፣ እኔ አልስማማም። እዚሁ ይረፍ። ትንሽ ቢያልበው ምን አለበት።

እታለም፦ [ብድግ ብላ] እዚህ አይሆንም። እርጥብ ነው። አንድ ነገር ስንት ጊዜ ነው የሚነገርሽ? አንሺ ካርቶኖቹን። ወደ ክፍሌ። ጠረጴዛውንም በዚያ በኩል ያዢው፤ ከአልጋዬ ግርጌ ይቀመጣል።

ሙሽሪት፦ እንግዲህ እርስዎ ካሉ።

[ጠረጴዛውን ተሸክመው ይወጣሉ። ተመልሰው ሲመጡ ክፍሉ ከሁለቱ ወንበሮች በቀር ባዶ ነው። ሙሽሪት ከሽርጧ ኪስ ቀጭን ቢላ ታወጣና በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ ታስኬደዋለች። የደረቀ ቀለም ይረግፋል። በመዳፏ መታ ስታደርገው መስኮቱ ወለል ብሎ ይከፈታል።]

እታለም፦ አሁን ምን ያደርጋል እሱን መክፈት? ሶዳው ወጥቷል።

ሙሽሪት፦ ግድግዳውን ያላበው አየር አጥቶ ነው። አሁን ይደርቃል።

እታለም፦ ለማን ብሎ ነው የሚደርቀው?

[ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። እታለም በመስኮቱ አንገቷን ታወጣለች።]

እታለም፦ ታክሲ ነው። ጣሪያው ላይ ፍራሽ ታስሯል። የሚወርደው ወንድሜ አይደለም እንዴ? ሥራ ሄጃለሁ ብሎኝ አልነበር? ... ክንዱን ይዛ የምትወርደው ማናት?

ሙሽሪት፦ እናቴ ናት።

እታለም፦ [ቀስ ብላ ትዞራለች] ክፍሉ እንደ ተለቀቀ ማን ነገራት?

ሙሽሪት፦ የለቀቁት እርስዎ ነዎት።

እታለም፦ እኔ የለቀቅሁት አሁን ነው። ከእናትሽ ቤት እዚህ ለመድረስ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጠዋት ስትነሣ እኔ ክፍሉን ልለቅ ሐሳቡም አልነበረኝም።

ሙሽሪት፦ አልነበረዎትም።

እታለም፦ ታዲያ ጠዋት ተነሺ ያላት ማን ነው?

ሙሽሪት፦ [ሽርጧን እየፈታች] እኔ ነኝ። ምን ላድርግ እታለም፤ ነገር ቶሎ ስለማይገባኝ፣ ቀደም ብዬ ነው የምጀምረው።

[እናቷን ልትቀበል ትወጣለች። እታለም ባዶው ክፍል መሃል ቆማ ትቀራለች።]