የማቆሚያው ምልክት

ዛሬ ሲነጋጋ፣ የላብራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ድፍት ብዬ ተኛሁና አንድ ሕልም አየሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ ለነገሩ ማን አለኝና!

ሥራዬ በሁለት ምልክቶች መካከል ያለውን ጊዜ ወደ ቁጥር የሚለውጥ ሰርኪዩት መንደፍ ነው። አንዱ ምልክት «ጀምር» ይላል፣ ሌላው «አቁም»። የሴኮንድ ቢሊዮንኛ እንኳ አታመልጠኝም። በዚሁ ሥራ ተማርራ ጥላኝ ጎንደር የገባችው ባለቤቴ መንበረ፣ ዛሬ ወደ ጅጅጋ ስታልፍ ቦሌ አንድ ሰዓት ትቆያለች። «ከመጣህ እንነጋገራለን፤ ከቀረህ ግን በቃን» ብላ ትኬቷን በስልክ ላከችልኝ። የምታርፈው በስምንት ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ አይደል ብዬ፣ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ ተኛሁ።

በሕልሜ ሰርኪዩቴ መነጽሬን አድርጎ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። እኔ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቼ ሽቦ ተሰክቶብኛል።

«ይሄ ሰውዬ ኃይል ይፈጃል» አለ ዙሪያዬን ለቆሙት መሣሪያዎች። «ሳቁን አውጡለት።»

«ኧረ በናትህ! የሠራሁህ እኮ እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ከማን የተማርኩ መሰለህ?»

ሳቄን ነቅለው ካርቶን ውስጥ ከተቱት። ቀጥለው እሁዶቼን በሙሉ ነቀሉ። ቀለል አለኝ፤ ግን ብርድ ብርድ አለኝ።

አምልጬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ታክሲዎች ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ፤ ሰዉ «ሞልቻለሁ!» እያለ ያልፋቸዋል። አንዱ አሳዘነኝና አዝዬው ቦሌ ደረስኩ። ሻንጣዎች ባለቤቶቻቸውን እየጎተቱ ይገባሉ። መንበረ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ብቻዋን ቆማለች። እጇን ስታነሳ ደረቴ ውስጥ መቁጠር ተጀመረ።

«ስንት ደረሰ?» አለችኝ።

«እየቆጠረ ነው! የማቆሚያው ምልክት አልመጣም!»

«አንተ ነህ እኮ ምልክቱ። ና እንጂ!»

ልሮጥ ብል እግሮቼ ተኝተዋል።

«ኃይል ቆጥቡ ብለህ የነደፍከን አንተው ነህ» አሉኝ እግሮቼ።

አለቀስኩ።

ስነቃ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነው። ተመስገን፣ ገና ብዙ ጊዜ አለኝ አልኩና ስልኬን አነሳሁ። መንበረ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች። ትኬቱን ደግሜ አየሁት፤ 08:00 ይላል። የአውሮፕላን ትኬት በፈረንጅ ሰዓት እንደሚጻፍ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። በእኛ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር።

ከጥሪዎቹ በታች አንድ መልእክት አለ፦

«ስንት ደቂቃ ቆሜ እንደጠበቅኩህ ያ መሣሪያህ ይንገርህ።»