በጋሽ በየነ ቆብ መብረር

ሚስት ሊያገባ የተነሳ ሰው ብዙ ነገር ይጠየቃል። የማን ልጅ ነህ ይባላል። ሥራህ ምንድን ነው ይባላል። በኛ ጊዜ ደግሞ ለአብዮቱ ያለህ አቋም እንዴት ነው የሚል ተጨምሮ ነበር። ለሁሉም መልስ አይጠፋም፤ ቢጠፋም አንገት ደፍቶ መሬት መሬት ማየት ያስኬዳል። እኔ የተጠየቅሁት ግን አውሮፕላን ነው። አለህ ወይ አይደለም፣ ታበራለህ ወይ ነው።

ልጅቷ ዘነበች ትባላለች። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፣ እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። የተዋወቅነው በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ስናስተምር ነው። እሷ ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ እኔ ጠመኔ አቀብላት ነበር፤ በሦስተኛው ወር ጠመኔ ማቀበሉ የዕድሜ ልክ እንዲሆን ተስማማን። የቀሩት አባቷ ብቻ ናቸው።

አባቷ ጋሽ በየነ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውሮፕላን ሆድ ሲፈቱና ሲያስሩ ኖረው፣ አንድ ጆሯቸውን ለሞተር ጩኸት ገብረው ወደ አገራቸው ደብረ ብርሃን ተመለሱ። ታዲያ የጠገኑት ሁሉ ጥሏቸው ይበር ነበር እንጂ አንድም ቀን ይዟቸው አልወጣም። ሌላው ጡረተኛ ዳማ ሲጫወት እሳቸው ምን አደረጉ? ሳሎናቸው ውስጥ መብረሪያ ሠሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ቆብ አለ፤ ፊቱ ላይ የጫማ ካርቶን የሚያህል የቆርቆሮ ሳጥን ተበይዶበታል። ሳጥኑ ውስጥ ለሁለት ዓይን ሁለት ማጉያ መስታወት፣ አንዲት የባትሪ አምፖል፣ ከፊታቸው ደግሞ እንደ ፊልም የሚጠቀለል ረጅም ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ ጋሽ በየነ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር፣ ከአንኮበርም ገደሉን ወርዶ እስከ አሊዩ አምባ ያለውን አገር ከሰማይ እንደሚታይ አድርገው በቀለም ስለውታል። ቆቡን ያጠለቀ ሰው ከዚያ በቀር ሌላ ነገር አያይም። መቀመጫው ከተሰባበረ አውቶቡስ የተነቀለ ወንበር ሲሆን ከሥሩ ሞላ፣ ከፊቱም የሚጨበጥ መሪ አለው። ከኋላ የሚቆም ሰው በአንድ እጁ ወረቀቱን በመዘውር ያዞራል፣ በሌላው ወንበሩን ያወዛውዛል። የሰማዩን ብርድ የሚያመጣ መሣሪያ አላስፈለገም። መስኮቱን መክፈት በቂ ነው፤ ደብረ ብርሃን ነዋ።

ከኋላ የምትቆመው ዘነበች ነበረች።

ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሲመጡ እርስ በርስ ይተያያሉ። ጋሽ በየነ፣ ልጁ ራሱ ይምጣና አሊዩ አምባ ድረስ አብርሮ በደህና ካሳረፈ ልጄን ይውሰድ ብለዋል አሉኝ። አንደኛው ሽማግሌ ሰውዬው ጠበል ቢሞከርላቸው ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከኔ በፊት አንድ የአረርቲ ጤፍ ነጋዴ ሞክሮ አንኮበር ላይ ተከስክሶ እንደቀረም ሰማሁ።

ይህ ሳያንስ ሌላ ፈላጊ መጣ፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለው ነበር፤ እዚህ ግን ማን ይሰማኛል? ያኔ ስኳር የሚገኘው በሱ ፊርማ ነው፣ የቀበሌው እስር ቤት የሚቆለፈውም በሱ ቁልፍ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ልጄን አልሰጥህም የሚል አባት የት ይገኛል? ጋሽ በየነም እምቢ አላሉም። ከኔ ጋር ለአንድ እሁድ ቀጠሩት።

ሊቀመንበሩ ቀድሞ ተቀመጠ፤ መሪነት ነውና ማንም አልተከራከረም። ካኪውን አስተካክሎ ቆቡን ሲያጠልቅ፣ አውሮፕላን የከበርቴዎች መንሸራሸሪያ መሆኑን፣ በሰፊው ሕዝብ እጅ ሲገባ ግን ባሕርይው እንደሚለወጥ አጭር ማብራሪያ ሰጠን። ዘነበች መዘውሩን አዞረች። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ከላይ ሲያየው እንዲህ አሳንሶ መሳልን ማን ፈቀደ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ በየነ ከላይ ሲታይ ሁሉም እንደዚያው ነው አሉት። አንኮበር አጠገብ ያለችውን ጎረቤላን ሲያልፍ ዘነበች ወንበሩን እንደ ቅል ትንጠው ጀመር። ገደሉ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ መዘውሩን እንዲያ አድርጋ ስታሽከረክረው ተራራውም፣ ማሳውም፣ ሰማዩም ፊቱ ላይ ተደባልቀው መሆን አለበት፣ ምሳውን መልሶ ካኪው ላይ አወረደው።

ቆቡን ሲያወልቁለት ተራራው ቦታው ላይ አልነበረም ብሎ ከሰሰ። ጋሽ በየነ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጓድ፣ እኔ አልከለከልኩም። ተራራው ነው።"

እሱ ልብሱን ሊያጥብ ወደ ጓሮ ሲወጣ ተራው የኔ ሆነ። እኔ እንግዲህ የሰሌዳው ላይኛው ጥግ ላይ ለመጻፍ ወንበር ላይ ስወጣ እንኳ ተማሪ የሚደግፈኝ ሰው ነኝ። ቆቡ አንገቴን ተጫነኝ። የአምፖሏ ሙቀት ቅንድቤን ለበለበኝ። ባሕር ዛፉ፣ የገብሱ ማሳ፣ የአንኮበር መንገድ በሥሬ ሲያልፍ ወረቀት መሆኑን ረሳሁት። ከጎረቤላ ወዲያ መሬቱ ድንገት አለቀ። የማላውቀው ነገር አልነበረም፤ ያን ገደል ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ማስተማርና መውደቅ ግን አይገናኙም። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጨፍኜ የምጠብቀው መናጥ አልመጣም። ወንበሩ እንደ ሕፃን አልጋ ቀስ እያለ ተወዛወዘ። ጋሽ በየነ እጄ አለመንቀጥቀጡን ሲያደንቁ ሰማሁ፤ ያልተንቀጠቀጠው ደርቆ ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ዓይኔን ስገልጥ የአሊዩ አምባ ገበያ ከነግመሉ፣ ከነመስጊዱ፣ ፊቴ ቆሟል። ቆቡን ሳወልቅ ጋሽ በየነ የሚያዩት እኔን ሳይሆን ልጃቸውን ነበር።

"በደህና አረፋችሁ?" አሏት።

"አርፈናል አባዬ።"

እሳቸውም መረቁን። ጨብጬው የነበረው መሪ ከምንም ነገር ጋር አለመያያዙን ያየሁት ከወንበሩ ስነሳ ነው። ሊቀመንበሩ ከጓሮ ተመልሶ እንደገና ልሞክር ቢል የወሩ ነዳጅ አለቀ ተባለ፤ ነዳጅ በራሽን ያደረገው የራሱ መንግሥት ስለሆነ መከራከሪያ አጣ።

ከሠርጋችን በኋላ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣ። በየነ የተባሉት ግለሰብ ከነመሣሪያቸውና ከነተባባሪያቸው ቅዳሜ ቀበሌ እንዲቀርቡ ይላል። ተባባሪው እኔ ነኝ። በዚያ ዘመን "ተባባሪ" ተብሎ መጻፍ ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቅ ነበር። ዘነበች ብርድ ልብስና ሁለት ሹራብ ጠቀለለችልኝ፤ የእስር ቤቱ ወለል ሲሚንቶ ነው። ወንበሩን በጋሪ ጭነን በዋናው መንገድ ስናልፍ የሚያውቁን ሰዎች ድንገት ሱቅ ውስጥ የሚገዙት ነገር ይበዛባቸው ጀመር።

ሊቀመንበሩ ጥበቃዎቹን አስወጣ። በሩን ከውስጥ ቆለፈ፤ መጋረጃውንም ሳበ። ጋሽ በየነ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የእግዚአብሔርን ስም በቢሮው ውስጥ መጥራታቸው ነው። ሊቀመንበሩ ግን ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ቆቡን በሁለት እጁ ተቀበለ።

"ዛሬ ቀስ አድርጋችሁ ውሰዱኝ" አለ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራችን ይኸው ሆነ። መዘውሩን እኔ አዞራለሁ፤ በጥንቃቄ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው። ሁለት ወር ያህል ሲመላለስ አሊዩ አምባ ሰለቸው መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ የጂኦግራፊ መምህር እንደመሆኔ ጠየቀኝ። ቆላው ነው፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ በረሃው አልኩት። ከዚያስ አለ። ከዚያ ድንበሩ ነው አልኩት።

"ከድንበሩስ ወዲያ?"

በሩን አየሁ። ስንቱ ልጅ ይህንኑ ጥያቄ በእግሩ ሲጠይቅ የተያዘበት ጊዜ ነው። ወረቀት አልቋል አልኩ። መሳቢያውን ከፈተና አንድ እሽግ የቀበሌው ቅጽ አውጥቶ ለጋሽ በየነ ሰጣቸው፤ ጀርባው ባዶ ነው አላቸው። እሳቸውም ሦስት ሳምንት ፈጅተው አዋሽን፣ በረሃውን፣ ነጩን የጨው ሜዳ፣ ከዚያም ወደቡንና ባሕሩን ሳሉበት።

መዘውሩን እንደዚያ ቅዳሜ ተጨንቄ አዙሬው አላውቅም። ድንበሩ ላይ ስንደርስ ወንበሩን ጨርሶ አላወዛወዝኩም። ባሕሩ ጋ ሲደርስ እጁን አነሳ፤ ቆምኩ። ትንፋሹ ብቻ ከቆርቆሮው ውስጥ ይሰማል። እኔና ጋሽ በየነ ተያየን፤ ቆቡን ልንካ የሚል ከሁለታችን አልተገኘም። በመጨረሻ ድምፁ ከሳጥኑ ውስጥ ዝቅ ብሎ መጣ።

"በሉ መልሱኝ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስብሰባ እመራለሁ።"