ደመና ላይ የቀረው ፍቺ

እኛ ሰዎች አዲስ ነገር ስንወድ ለጉድ ነው፤ አሮጌውን መጣል ግን አይሆንልንም። ቆርቆሮ ቤት የሠራ ሰው የሣር ጎጆውን ከጓሮ ያቆየዋል። «ለእህል ማስቀመጫ ይሆነኛል» ይላል፤ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ግን ጋደም የሚለው እዚያው ጎጆ ውስጥ ነው። ዘመናዊ ስልክ የገዛም እንደዚያው፣ ባለቁልፏን ትንሿን ስልክ በሌላኛው ኪሱ ይዞ ይዞራል። በአንዱ ፎቶ ይነሳል፣ በሌላው ይደውላል። ሰቆጣ ላይ እንዲህ ስንኖር ኖረን ነገሩ ስም ያለው አይመስለንም ነበር። ለካ ስትራቴጂ ኖሯል!

ስሙን ያመጡልን የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ናቸው። እኔ በዚያን ጊዜ ጋብቻና ፍቺ የሚመዘገብበት ቢሮ ውስጥ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበርሁ። ባለሙያ ስላችሁ አታጋንኑት፤ ሥራዬ በአብዛኛው መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ማስነሳት፣ ሲመጣ ጄኔሬተሩን ማጥፋት ነበር። ቢሯችን ከቁም ሳጥን የሚገዝፍ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበረው። ሜንፍሬም ይባላል። ያን የሚያህል ዕቃ በዚያ መንገድ ሰቆጣ እንዴት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። እኛ ግን «መምሬ» እንለው ነበር፤ ከክፍሉ አይወጣም፣ ቀኑን ሙሉ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ያንጎራጉራል፣ የነገሩትንም አይረሳም።

ታዲያ ኃላፊያችን ከአንድ ስብሰባ ሲመለሱ «መምሬን እናዘምነዋለን» አሉ። ከመዝገቡ ከፊሉ መምሬ ዘንድ ይቀራል፤ ከፊሉ ክላውድ ወደሚሉት፣ ማለትም ወደ ደመና ይወጣል። ደመና ሲሉ ደግሞ ሰማይ እንዳታንጋጥጡ፤ ሩቅ አገር የተቀመጠ የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ነው፣ በኔትወርክ ሲጠይቁት ይመልሳል። ሁለቱ ተጋግዘው ሲሠሩ «ድቅል» ይባላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አልክድም። የትኛው ይውጣ፣ የትኛው ይቅር በተባለ ጊዜ ግን ኃላፊያችን ብዙም አልተጨነቁ። «ጋብቻ ከባድ ነው፣ እዚሁ ይቅር። ፍቺ ቀለል ይላል፣ እሱ ይውጣ።»

ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

እስቲ አስቡት። ጋብቻው መሬት ላይ ቀረ፤ ፍቺው ሰማይ ወጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኛው ግን ጭራሽ አልፈታ አለ። መምሬን በጠየቅሁት ቁጥር በዋግ ኽምራ የተፋታ ሰው ሁሉ ባለትዳር ነው።

መጀመሪያ የመጡት እትዬ ዝማም ናቸው፣ ከአምደወርቅ አካባቢ። ከባላቸው ከአያ ጥጋቡ ከተለያዩ ቆይተዋል። የጠቡ መነሻ ንብ ነው። አያ ጥጋቡ ቀፎውን ደጃፍ ላይ ሰቀሉ፤ ንቡ ለጥየቃ የመጡትን የእትዬ ዝማምን እናት ነደፈ፤ አያ ጥጋቡ ሳቁ። ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ «ጥርሴ ነው እንጂ እኔ አልሳቅሁም» ብለው ተከራከሩ። ሰሚ አላገኙም።

እትዬ ዝማም የድርሻቸውን መሬት በስማቸው ለማዞር፣ ባል የሌላቸው መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ፈልገው ነው የመጡት። መምሬን ጠየቅሁት። ባለትዳር ናቸው አለ፤ ባላቸውም አያ ጥጋቡ።

«ከዚያ ሰውዬ ጋር?» አሉ። ከመቀነታቸው የፍቺ ወረቀታቸውን ፈትተው ሰጡኝ። ይዤ ወደ ኃላፊያችን ገባሁ። «ወረቀት ቀርቷል» አሉኝ። «ሲስተሙ ያላለውን እኔ አልልም።»

ቀጥለው አያ ጥጋቡ መጡ። እሳቸው ደግሞ ሰቆጣ ውስጥ ሻይ ቤት ላላት አንዲት ሴት ሽማግሌ ልከው ኖሯል። ባለትዳር ነዎት ስላቸው «ማንን አገባሁ?» አሉ። ነገርኋቸው። ዞር ብለው ኋላቸውን አዩ፣ እትዬ ዝማም የቆሙ መስሏቸው።

«ፍቺው ደመና ላይ ነው ያለው፤ እስኪወርድ ይታገሱ» አልኋቸው።

«የዋግን ደመና አምናችሁ?»

«ብቻውን አይደለም፣ ድቅል ነው።»

«ድቅልማ በቅሎ ነው» አሉ። «በቅሎ መቼ ወልዳ ታውቃለች?»

ኃላፊያችን መላ አያጡም። ሁለቱ ባለትዳር ከሆኑ አብረው ይቅረቡና እንደ አዲስ ይፋቱ አሉ። አብረው ቀረቡ። ፍቺ የሚመዘገበው ግን ደመናው ላይ ነው፤ ደመናው ደግሞ የለም። «ሲስተም የለም፤ በሚመጣው ገበያ ይሞክሩ» አልኋቸው። በሚመጣውም ያንኑ አልኋቸው። እንዲህ ሆኖ፣ የተፋቱት ባልና ሚስት ለመፋታት አብረው መመላለስ ጀመሩ።

መጀመሪያ ግድም አያ ጥጋቡ ከሚኒባሱ ፊት፣ እትዬ ዝማም ከኋላ ነበር የሚቀመጡት። ቢሯችን አግዳሚ ላይ ሲጠብቁም በመካከላቸው አንድ ሰው ከነፍየሉ ይቀመጥ ነበር። እትዬ ዝማም ቆሏቸውን ወደ ግድግዳው ዞረው ይበላሉ። እኔም የዋግ ልጅ መሆኔን ረስተው በአገውኛ ይሞላለጫሉ፤ እኔም ያልገባኝ መስዬ ኮምፒዩተሬን አያለሁ። ጸጥ ሲሉ ነው የምሰጋው።

አንድ ቀን ጸጥ አሉ። ቀና ስል ቆሎው መካከላቸው ተቀምጧል። አያ ጥጋቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያችን የንብ ቀን ያወራሉ።

«እናትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዚያ ዕድሜያቸው አጥሩን እኮ ዘለሉት! እኔ ራሴ ያን አጥር ዘልዬው አላውቅም።»

እትዬ ዝማም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ልነሳ ስል ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ሳቅሽ!» አሉ አያ ጥጋቡ።

«ጥርሴ ነው» አሉ እትዬ ዝማም።

ባለሻይ ቤቷ ብልህ ሴት ናት። «ሚስቱን ለመፍታት በየገበያው አብሯት የሚመጣ፣ እኔው ቤት ሻይ የሚጋብዛት ሰው፣ አይፈታትም» ብላ ሽማግሌዎቹን መለሰች።

አንድ ጠዋት ኔትወርኩ መጣ። የዋግ ፍቺ ሁሉ እንደ በረዶ ዘነበ። ደስታዬን አልቻልሁትም፤ ወዲያው አያ ጥጋቡ ዘንድ ደወልሁ።

«አያ ጥጋቡ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ተፋትተዋል!»

 ከአጠገባቸው የእትዬ ዝማም ድምፅ «ማነው በጠዋቱ?» ሲል ሰማሁ።

በገበያው ቀን ሁለቱም ተቆጥተው ከተፍ አሉ።

«ማን ነው የፈታን?» አሉ እትዬ ዝማም።

«የድሮው ፍቺ እኮ ነው የወረደው፣ እናንተው የጠየቃችሁት።»

«ያን ጊዜ ጠየቅን፣ ፈታችሁን። አሁን ማን ጠየቃችሁ?»

ወደ ኃላፊያችን ወሰድኋቸው። ኃላፊያችን ሰምተው ፈገግ አሉ። ምን ችግር አለው፣ እንደገና ይጋባሉ! ደግሞም መምሬ ደክሟል፤ ከእንግዲህ አዲስ ጋብቻም የሚመዘገበው ደመናው ላይ ነው። በደስታ ወደ ወንበሬ ተመለስሁና ኮምፒዩተሩን ከፈትሁ። ጠበቅሁ። ዘጋሁና እንደገና ከፈትሁ፤ ኔትወርክ የለም።

አፌን ለመናገር ሳልከፍት እትዬ ዝማም እጃቸውን አነሱ።

«ተወው ልጄ፣ አትድከም። ተለያይተን ስንኖር ባልና ሚስት ናችሁ አላችሁን። አብረን ስንኖር ደግሞ ተፋታችኋል ትሉናላችሁ። እኛ እንቅደም፤ እናንተ ቀስ ብላችሁ ድረሱብን።»

«የመሬቱ ጉዳይስ?» አልኋቸው።

«መሬቱማ የት ይሄዳል? እሱን ደመና ላይ አልሰቀላችሁት።»

አያ ጥጋቡ ጃንጥላቸውን ዘረጉላቸው። በር ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ ሳይቸኩሉ፣ አንዷን ጃንጥላ ለሁለት ተጠልለው ወደ መናኸሪያው ወረዱ። የአምደወርቁ ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል።

«ሁለት ሰው! ሁለት ሰው ብቻ!»