ፒክአፗን ያበረታት ጠበል

አቀበት ላይ በብስክሌት ተቀድማችሁ ታውቃላችሁ? በመኪና ሆናችሁ ማለቴ ነው። እኔ ተቀድሜ አውቃለሁ። ብስክሌቱን የሚነዱት ሰውዬ ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ሲያልፉን ዞር ብለው ሰላም አሉን። ባለቤቴ ሙሉጌታ ሰላምታውን አልመለሰም። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ፊት እየተንጠራራ ነበር። ሲንጠራራ መኪናዋን የሚያግዛት ይመስለዋል።

እኔ ሰው ፊት ማውራት አይሆንልኝም። ስምሽን ተናገሪ ስባል እንኳ ላብ ያጠምቀኛል። ይህን ጉዳይም ስድስት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖርኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? በጽሑፍ ሲሆን ግን ፊቴን አታዩትም። ስለዚህ ልናገር።

ሙሉጌታ ሮም ውስጥ ዕቃ ያመላልሳል። ቤት የሚቀይር ሐበሻ ሁሉ የሚደውለው ለእሱ ነው። መኪናዋ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ናት። በእኔ ስም ናት፤ የእኔ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ቀኑ ረዘም ስለሚል። ሜዳ ላይ ምንም አትልም። አቀበት ሲመጣ ግን ትጮኻለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ከዚያ ሐሳቧን ትቀይራለች። ሮም ሰባት ኮረብታ አላት ይላሉ። እነሱ ሲቆጥሩ ነው ሰባት። ሙሉጌታ ሲቆጥር ከመቶ ይበልጣል።

ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ካፌ የሚቀመጡት ጓደኞቹ፣ "ሙሌ፣ ዛሬ አንተ ጫንካት ወይስ እሷ ጫነችህ?" ይሉታል። እዚያ አብሯቸው ይስቃል። ቤት ሲገባ አይስቅም። ከፍ ያለ ቦታ የሚኖሩ ደንበኞች አንድ በአንድ ተዉት። በመጨረሻ፣ ልሸጣትና እንዳንቺ ተቀጥሬ ሽማግሌ ላስታምም አለኝ። ሙሉጌታ አንድ ቦታ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ የማይችል ሰው ነው። የሚያስታምማቸውን ሽማግሌ አሰብኩና አዘንኩላቸው።

አሁን ወደ እኔ ጉድ እንምጣ። እኔ የማስታምመው አንዲት የዘጠና ዓመት ሲኞራ ነው። እኛን አስታማሚዎችን ባዳንቴ ይሉናል። የእኛ ዕረፍት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ነው። ሐሙስ ከሰዓት ሙሉጌታ የሚያውቀው ጣልያንኛ ትምህርት እንደምሄድ ነው። ስድስት ዓመት ተማርኩ። አንድም ቀን አልጠረጠረም። "ከባድ ቋንቋ ነው፣ በርቺ" ይለኛል።

የምሄደው ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር፣ ሲኞር ጂኖ የሚባሉ ሽማግሌ ጋራዥ ነው።

አዲስ አበባ የተማርኩት ሜካኒካል ምህንድስና ነው። ሮም ዲግሪዬን የጠየቀኝ የለም። የተጠየቅሁት ሾርባ መሥራት እችል እንደሆነ ነው። አንድ ሐሙስ በዚያ ሳልፍ የናፍጣ ሽታ አስቆመኝ። ሰውዬው መኪና ሥር ተኝተው ለራሳቸው ያጉረመርማሉ። ፍሪሲዮን ይላሉ፣ ካንዴላ ይላሉ፣ ማርሚታ ይላሉ። ሮም ከገባሁ ጀምሮ ኩሽና ውስጥ ከሚወራው አንዱም አይገባኝም ነበር። ጋራዥ ውስጥ ሁሉም ገባኝ። ለካ የአገራችን ሜካኒክ ሲያወራ የኖረው ጣልያንኛ ነው! ካቻቪቴ ሲሉ ካቻቪቴውን አንስቼ አቀበልኳቸው። ከሥር ወጥተው አዩኝ። አሎራ፣ እንግዲያውስ አሉና ቱታ ሰጡኝ። በዚያው ቀረሁ።

ታዲያ ምን ያስደብቃል? በሉኝ። ባለትዳር ሴት፣ የተማረች፣ ነጠላዋን አጣፍታ የምታስቀድስ፣ መኪና ሥር ተኝታ እግሯ ብቻ ሲታይ! አፈርኩ። ደግሞ በመጀመሪያው ሐሙስ ያልተናገሩትን በሁለተኛው መናገር ይከብዳል። በመቶኛው አይቻልም።

ባለፈው ዓመት ሙሉጌታ ለለቅሶ ሚላኖ ሄደ። ፒክአፗ መንገድ ላይ ሌላ ለቅሶ እንዳታመጣ ብሎ በባቡር ሄደ። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አየሁት። ሲኞር ጂኖ ጋ ደወልኩ። የሲኞራዋ ልጅም ዓርብን ጨምራ ፈቀደችልኝ።

ሞተር እንደ ሰው ነው፤ ትንፋሽ ካጠረው አቀበት አይወጣም። የእኛይቱ አየሩን ትስባለች፣ ግን ትኩስ አየር ነው። ትኩስ አየር ስስ ነው። ስለዚህ የምትስበውን አየር የሚያቀዘቅዝ፣ ራዲያተር የመሰለ ዕቃ ከፊት ገጠምንላት። ማጣሪያዋን በተሻለ ቀየርን። የታፈነችውን ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫዋን፣ አውጥተን ሰፋ ያለ አደረግንላት። የናፍጣውን መጠን ሲኞር ጂኖ አስተካከሉ። ሕጉ የሚጠይቀውን ወረቀትም እሳቸው አስጨረሱ፣ እኔ ፈረምኩ። ዓርብ ከሰዓት አቀበት ላይ ሞከርኳት። ብቻዬን እልል አልኩ። መስኮቱን ዘግቼ ነው።

ሙሉጌታ ቅዳሜ ተመለሰ። ሲመለስ ልነግረው ነበር። በሩን ሲከፍት እራት አቀረብኩለት፣ እሱም ደክሞት ተኛ። ጠዋት እነግረዋለሁ አልኩ። ጠዋት ሳልቀድመው፣ "ከመሸጤ በፊት አንድ ነገር ልሞክር" ብሎ ፒክአፗን ቤተ ክርስቲያን ወሰዳት። ከቅዳሴ በኋላ አባ ተክለ ማርያም ጸሎት አድርገው ጠበል ረጩላት። ሰኞ ሮካ ዲ ፓፓ የሚባለውን አቀበት፣ ሦስት ቁም ሣጥንና አንድ ፍሪጅ ጭኖ ወጣው። ማርሽ እንኳ አልቀነሰም።

ከላይ ሆኖ ደወለልኝ። እያለቀሰ ነበር። አሁን እናንተ ብትሆኑ፣ የሚያለቅስ ሰው ላይ ስለ አየር ማጣሪያ ታወራላችሁ?

በሚቀጥለው እሑድ ምእመናን ፊት ቆሞ መሰከረ። መንኮራኩሯን አነሣ፣ አቀበቱን አነሣ፣ ቁም ሣጥኖቹን አራት አደረጋቸው። እሑድ በእሑድ ሰው መኪናውን እያመጣ ይሰለፍ ጀመር። አባ ተጨነቁ። ጠበሉ ለነጂው ነው፣ መኪናውን ሜካኒክ ዘንድ ውሰዱት ይላሉ። ይህን ባሉ ቁጥር፣ አቤት ትሕትናቸው ይባላል። አንዱ መኪናው አልሻል ሲለው፣ እምነት ጎድሎኛል ብሎ ጾም ያዘ። ሙሉጌታም ምስክርነቱ ላይ፣ ዘይት እንኳ መቀየር አቁማለች የሚል ጨመረ። ዘይቷን በድብቅ የምቀይረው እኔ ነኝ። እሱ እንደሆነ ኮፈኗን አይከፍትም፤ የተባረከ ነገር አይነካካም ይላል።

እስከዚህ ድረስ ማንንም አልጎዳሁም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ ደረጀ መጣ። ደረጀ ሰው ወደ አየር ማረፊያ የሚያመላልስ የሙሉጌታ ጓደኛ ነው። ቫኑ ፍሬን ሲይዝ ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሩቅ ይሰማል። እኛ ቤት ምሳ እየበላ፣ የፊታችን እሑድ ጠበል አስረጭቼ፣ ከዚያው ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ወደ ተራራ እወጣለሁ አለ። መውጣቱ አይደለም ያስፈራኝ። መውረዱ ነው።

"የፍሬን ሸራው ያለቀ ይመስለኛል" አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

"እህቴ፣ ምን ያስፈራሻል? የሙሌን መኪና እያየሽ!" አለኝ።

ባሌ ራሱን ነቀነቀ። ለደረጀ አይደለም፤ ለእኔ።

እሑድ ዕለት ክሪክና አዲስ የፍሬን ሸራ በጥቁር ከረጢት ይዤ አስቀደስኩ። ቅዳሴው ሲጋመስ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ቅዳሴያችን ረጅም መሆኑ ያን ቀን ጠቀመኝ፤ ሁለት የፊት ጎማ አውልቆ ሸራ ቀይሮ ለመመለስ ይበቃል። ደረጀም ውስጡ እንዲረጭለት የቫኑን በር ክፍት ትቶታል። ገብቼ ፔዳሉን እስኪጠብቅ ረገጥኩት። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ቦታዬ ቆምኩ።

ጠበሉ ተረጨ። ደረጀ ግቢው ውስጥ ነድቶ ፍሬን ያዘ። ቫኑ ድምፅ ሳያሰማ ቀጥ አለ። እልልታው ቀለጠ። እኔ መስቀል ልሳለም አባ ፊት ስቀርብ እጄን አዩት። ጥፍሬ ሁሉ ጥቁር ነው።

"ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። በአንድ ትንፋሽ፣ መሬት መሬት እያየሁ። ስጨርስ፣ "እርስዎን ሐሰተኛ አደረግሁዎት" አልኩ።

"እኔስ ሜካኒክ ዘንድ ሂዱ እያልኩ ነው" አሉ። "ለባልሽ ንገሪው። ቀኖናሽ እሱ ነው። ሁለተኛ ደግሞ ቅዳሴ አቋርጠሽ እንዳትወጪ።"

እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው አልኩ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይወጣ ፒክአፗ አጠገብ ያዝኩት። ከጣልያንኛው ትምህርት ጀመርኩ፤ ሲኞር ጂኖን፣ ሚላኖን፣ ማርሚታውን፣ ዘይቱን፣ የደረጀን ፍሬን። የፈራሁት ቁጣውን አልነበረም። ያን ሁሉ ሰው ፊት የመሰከረው ሰው፣ እኔ እንዳታለልኩት ሲገባው ፊቱ የሚሆነውን ነው።

እሱ ግን በርኅራኄ ነበር የሚያየኝ። ታሞ የሚቃዥን ሰው እንደሚያዩት።

"አላመንከኝም?" አልኩ። ኮፈኗን ከፈትኩ። ከራዲያተሩ ፊት የተቀመጠውን ብርማ ዕቃ በጣቴ ነካሁት። "ይኸው። ይህን እኔ ነኝ የገጠምኩት።"

ጎንበስ ብሎ አየው። ዳሰሰው። ቀና አለ፣ እንደገና ጎንበስ አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። በቃ፣ ገባው አልኩ።

ባርኔጣውን አወለቀ።

"ይህማ ስንገዛት አልነበረም" አለ። "ስንገዛት በዓይኔ አይቻለሁ! አልነበረም!" ሦስት ጊዜ አማተበ። "እኔ ጠበሉ ያለውን ያበረታልኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ያልነበረውንም ጨምሮልኛል!"

የጋራዡ ወረቀት ላይ ያለውን ፊርማዬን አሳየሁት። ወረቀት ሰው ይጽፈዋል አለኝ። ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። "አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አልፈርድብሽም" አለኝ። "የተማረ ሰው ሁሉን ነገር እኔ ሠራሁት ይላል። ለአባ ንገሪያቸውና ይጸልዩልሽ።"

ዕቃውን ፎቶ አንሥቶ በቤተ ክርስቲያኑ የስልክ ግሩፕ ላከው።

እውነቱን ከተናገርኩ ወዲህ እሑድ እሑድ የሚመጡት መኪኖች እጥፍ ሆነዋል። አሁን ሁሉም ኮፈናቸውን ከፍተው ነው የሚጠብቁት።