ልብስ የለበሰ መድኃኒት

«እማዬ፣ ቅጠል ስሙን ሲጠሩት ይሰማል?»

እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ ልጄ ትርንጎ ናት፤ ያን ጊዜ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆምኩ ሰው ነኝና ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚበቃ ትምህርት የለኝም። «እግዜር የፈጠረው ሁሉ ይሰማል» ብዬ አለፍኳት። ጥያቄው ግን እኔን አላለፈኝም።

ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ እኛ አገር የከበረ ነገር ሁሉ ይሸፈናል። ታቦቱ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ይወጣል። ሙሽራ ትሸፈናለች፣ አራስ ትከለላለች፣ ሊጥ እንኳ ዓይን እንዳያየው ይከደናል። የክርስትና ስማችንንማ ለማን እናወጣዋለን? ስንት ዘመን እሳት የተጫጫርን የጎረቤቴን የክርስትና ስም የሰማሁት በቀብሯ ቀን፣ ቄሱ ሲጠሩት ነው። ደንግጬ ሌላ ሰው የምንቀብር መስሎኝ ነበር።

የመድኃኒት ነገር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

አማቴ አያ ይርዳው የባሌ አባት ናቸው፤ የሚኖሩት ጉና ላይ ነው። ጉና ከደብረ ታቦር ሽቅብ ሲያዩት ጉም የተከናነበ፣ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ተራራ ነው። እዚያ አማቴ የትንፋሽ መድኃኒት ያውቃሉ። ከአባታቸው በእጅ የተቀበሉት ሥር ነው። በእጅ ማለቴ፣ በአፍ ስለማይሰጥ ነው፤ ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይርቃል ይባላል። የሚነቀለው በጠዋት፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ ነው። የነቀለውም ሰው ቤቱ እስኪገባ አፉን አይከፍትም። ለበሽተኛ ሲሰጥ ደግሞ እርቃኑን አይወጣም፤ ከሌላ ቅጠል ጋር ይወቀጥና አዋቂ ነኝ ባይ ቢያየው እንኳ የቱ የቱ እንደሆነ እንዳይለይ ይደረጋል። ያን ቅጠል አማቴ «ልብሱ» ይሉታል።

ለልጃቸው ለምን አላወረሱትም ትሉኝ ይሆናል። ባሌ ደግ ሰው ነው፣ ግን ወሬ አይቋጥርም። የጭነት መኪና ነጂ ስለሆነ ደግሞ ምሥጢሩ በሳምንቱ ወልድያ ይገባል።

ትርንጎ አስም አለባት። ብርድ ሲነካት ደረቷ ይዘጋና ከውስጥ ድምፅ ይመጣል፣ ከማዶ እንደሚሰማ ዋሽንት ያለ። እግዜር ይቅር ይበለኝና ድምፁ ያምራል። ልጄን ሊነጥቀኝ የሚመጣ ባይሆን ኖሮ ቁጭ ብዬ የማዳምጠው ነበር። ሐኪም ያዘዘላት በአፍ የሚማግ ፓፍ አለ፤ ያድናታል። እሱም ከመድኃኒት ቤቱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ዓይኔ ከጉና አይነቀልም። ሥሩን እንዳልሰጣት ይጎዳት እንደሆነ አላውቅም፤ እንዳልተወው ያድናት እንደሆነ አላውቅም። የእናት ነገር፣ በሁለት አላውቅም መካከል መቀመጥ ነው።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየች የዩኒቨርሲቲ መምህርት አለች፤ ሰናይት ትባላለች፣ ከሐዋሳ ነው የመጣችው። ሥራዋ የባህል መድኃኒት እውነት ይሠራ እንደሆነ በነጭ አይጦች መፈተን ነው። አይጦቹን አንዳች ነገር አስሽትተው ደረታቸው እንዲጠብ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ሥሩን ወይም ቅጠሉን በጥብጠው ይሰጡና ትንፋሻቸውን ያያሉ። መጀመሪያ ስሰማ ለአይጥ የሚያዝን ልብ አልነበረኝም፤ ጤፌን ማን ጨረሰውና! ኋላ ግን እንደ ልጄ እንደሚታፈኑ ሳስበው፣ በጸሎቴ መጨረሻ ለነሱም አንድ ቃል ጣል ማድረግ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ያማትዎን መድኃኒት ያምጡልኝና ልሞክረው» አለችኝ ሰናይት። «የሚሠራ ከሆነ መጠኑ ይታወቃል። የሚጎዳ ከሆነም ትርንጎ አትወስደውም።»

ሄጄ አማቴን ለመንኳቸው።

«ለአይጥ?» አሉ። «አባቴ ለደጃዝማች የነፈጉትን ለአይጥ?»

ለትርንጎ ሲባል ግን የተወቀጠውን ዱቄት ሰጡኝ። አይጦቹም ተነፈሱ! ሰናይት ከሥራ ስትመለስ ከነቦርሳዋ ተጠመጠመችብኝ። ደስታዋ ግን አላደረም። ሥሩ ለብቻ፣ ልብሱ ለብቻ ካልተፈተነ የቱ እንደሠራ አይታወቅም አለች። እውነቷን ነው። ግን ሥሩን ለብቻው መስጠት መድኃኒቱን ማራቆት ነው።

እንደገና ጉና ወጣሁ። አማቴ ጋቢያቸውን ደግመው ተከናነቡ።

«ልብሱ ሰንሰል ነው» አሉ በመጨረሻ። ሰንሰል ያው አጥር የምናጥርበት፣ ከብት እንኳ ዞር ብሎ የማያየው ቅጠል ነው። «እሱን ከፈለግሽ ገበያ መካከል ቆመሽ ልፈፊ። ሥሩን ግን…»

ሳይጨርሱት ተነሥተው ወጡ። ቆይተው ሲመለሱ አንድ ሥር በጨርቅ ጠቅልለው፣ የራሱንም ቅጠል ጨምረው አስያዙኝ። ለአባታቸው የገቡትን ቃል ለልጅ ልጃቸው ትንፋሽ ሲሉ አፈረሱ ብዬ፣ ቁልቁለቱን ሁሉ እያለቀስኩ ወረድኩ።

ሥሩ ሲፈተን እንደ ውኃ ሆነ። አይጦቹን ምንም አልፈየዳቸው።

ይህ በስልክ አይነገርም ብዬ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍትም ስለነበር፣ ትርንጎን አስከትዬ ወደ አማቴ ሄድኩ። ይናደዳሉ ወይ ያለቅሳሉ ስል፣ ጭራሽ ፈገግ አሉ።

«አላልኩሽም? ራቁቱን አደባባይ የወጣ ምን ኃይል ይኖረዋል?»

«መምህርቷ ግን፣ ዱቄቱ የሠራው በሰንሰሉ ይሆናል ትላለች፣ አባቴ።»

«ሰንሰሉማ ስንት ዘመን ከሥሬ ጋር ውሎ! ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች!»

ትርንጎ በሳቅ ወደቀች። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። መቼም ሙግት እንዲህ ነው፤ ሰናይትም መልስ አላት፣ አማቴም መልስ አላቸው። የልጄ ደረት ብቻ መልስ አጥቶ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከላይ ወርዶ ግቢውን ሞላው። በጉና ጉም ውስጥ ሰው ከራሱ ሐሳብ ጋር ይምታታል። ዶሮዎቹ ድምፅ ብቻ ሆኑ፤ በጎቹ አንዴ ነጭ ድንጋይ፣ አንዴ ምንም ይሆናሉ። እኔም ያለሁ ሳይመስለኝ ደጃፉ ላይ እንደ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ዋሽንት ሰማሁ። ማነው እንዲህ አሳምሮ የሚነፋ ብዬ ማዳመጥ ጀመርኩ። ከዚያ ነቃሁ። ልጄ ናት።

ገብቼ ሳያት ትከሻዋ ከጆሮዋ ደርሷል። አማቴ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ከረጢታቸው እጃቸውን ሰደዱ። እጃቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። አዩኝ። እኔ ፓፉን አውጥቼ ለትርንጎ ሰጠኋት፤ ማገች፣ ቆየት ብላ ደግማ ማገች። ዋሽንቱ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄዶ ማዶ ተሻገረ። አማቴ እጃቸው እንደተዘረጋ ነበር።

«የዚህስ ስሙ ማነው?» አሉ፣ ፓፉን እያዩ።

«አልነግርዎትም፣ አባባ» አለች ትርንጎ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ኃይሉ ይሄድብኛል።»

አማቴ አልሳቁም። ግንባሯን ስመው ጉሙ ውስጥ ገቡ። እስኪመሽ አልተመለሱም።

በማግስቱ ጠዋት ትከሻዬን ነክተው ቀሰቀሱኝ። እንደምን አደርሽ አላሉኝም። በእጃቸው ነይ አሉኝ፤ ተከተልኳቸው። ጉሙ እንደዚያው ነው። እሳቸው ከፊት እንደ ጥላ ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላ፣ እግሬ መሬት ይንካ አይንካ ሳላውቅ። ገብሱን አለፍን። አንድ ቋጥኝ ሥር ሲደርሱ ቆሙና በበትራቸው ጫፍ አንዲት ተክል አሳዩኝ።

በጨርቅ ጠቅልለው የሰጡኝ እሷን አልነበረም። በመልክም በዘርም የማትገናኛት ሌላ ናት።

ያን ጊዜ ገባኝ። እኒያ ሽማግሌ እኛንም ልብስ አልብሰውን ኖሯል። አይጦቹም፣ ሰናይትም፣ ቁልቁለቱን ሁሉ የፈሰሰው እንባዬም በሌላ ሥር ነው የደከምነው። ትናንት እጃቸው የቆመው፣ እውነተኛው ሥር ያለበትን ከረጢት ቢፈቱት እውነቱም አብሮ ስለሚፈታ ነው፤ የልጅ ልጃቸው በፊታቸው እየታፈነች። ይቅር በይኝ እንዳይሉኝ በአፍ አይነገርም። ዓይናቸውን ወደ መሬት ጥለው መቆፈሪያውን አቀበሉኝ። ይህ በነሱ ወግ፣ እንግዲህ ያንቺ ነው ማለት ነው።

በልቤ በስመ አብ ብዬ ቆፈርኩ።

ታዲያ የራስ የሆነ ነገር ለፈለጉት ይሰጣል። ሥሩን ከነአፈሩ፣ ከነቅጠሉ በነጠላዬ ያዝኩና ትርንጎን ይዤ ወደ አስፋልቱ ወረድኩ። የሚኒባሱ ረዳት «እናት፣ ወዴት ነሽ?» ቢለኝ ዝም አልኩ።

«እናቴ ዛሬ አትናገርም» አለችው ትርንጎ። «ደብረ ታቦር ነን።»

«ምነው የኔዋንም እንዲህ ባደረገልኝ!» አለ ረዳቱ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከሳቅ ጋር ቃል ያመልጣል።

ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ሰናይት ወደምትሠራበት ሄድኩ። በሩ ላይ ለዘበኛውም የተናገረችው ትርንጎ ናት። ሰናይት በነጭ ጋወኗ ብቅ አለችና «እትዬ! ምነው፣ በሰላም ነው?» አለችኝ። ነጠላዬን ፈትቼ ሥሩን ያለ ሰንሰል፣ ያለ ምንም ልብስ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ስሙ ማነው?»

ስሙንማ እኔም አልሰማሁት። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ አሳየኋትና የልጄን እጅ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።